የበራዴ ክዳንና ዣንጥላ የያዘው ሰውዬ

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው አገር ስለ አሮጌ የቻይና ስኒና የሻይ በራድ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እስካሁን ቤቴን አላንኳኳም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። መኩራራት ብፈልግ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር እል ነበር፤ ያኔም ቢሆን የሚከራከረኝ አላገኝም።

"ይህን ሁሉ የት ተማሩት?" የሚሉኝ አሉ። መሪ ጨብጬ ነው የተማርሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት ማኪና ነድቻለሁ። በየመንገዱ ዳር ካለ ቤት ውኃ እለምናለሁ፤ አንዱ በቅል፣ ሌላው በጣሳ ይሰጠኛል። አንድ ቀን ዳባት አጠገብ አንዲት ሴትዮ በነጭና ሰማያዊ ስኒ ሰጡኝ። ስኒዋ ጆሮ የላትም፤ ክብደቷም እንደ እንቁላል ቅርፊት ነው። ጠጥቼ ስጨርስ ወደ ፀሐይ ባነሣት የገዛ ጣቴ ጥላ በስኒዋ ግድግዳ ማዶ ታየኝ። እሷን ሳገላብጥ ማኪናዬን ሳላጠፋ ቆሜ፣ ናፍጣዬን ጨርሼ፣ ሰው ጎትቶ አወጣኝ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። እነዚህ ዕቃዎች በነገሥታቱ ዘመን ከቻይና ተነሥተው በመርከብ ምጽዋ፣ ከምጽዋም በበቅሎ ጎንደር የገቡ ናቸው። ያን ሁሉ ማዕበልና ያን ሁሉ ገደል ሳይሰበሩ አልፈው እኛ ዘንድ ሲደርሱ፣ እኛ የዶሮ ውኃ መጠጫ አደረግናቸው። ከዶሮ አፍ ሳስጥል የኖርሁት እኔ ነኝ።

እውነተኛውን ከማስመሰያው የምለይበት የራሴ ዘዴ አለኝ። መጀመሪያ በጥፍሬ እመታዋለሁ፤ እውነተኛው እንደ ትንሽ ደወል ይጮኻል። ቀጥሎ ወደ ፀሐይ አነሣዋለሁ። በመጨረሻ ሥሩን ገልብጬ ቅብ ያልነካውን ቀለበት በምላሴ እቀምሰዋለሁ፤ የጥንቱ አሸዋ አሸዋ ይላል። ይህን ሦስተኛውን ዘዴ ያስተማረኝ የለም፤ ከራሴ ነው ያወጣሁት። እርግጥ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ስኒ ገልብጬ ስልስ ያዩኝ ሰዎች "ኀዘኑ አናቱ ላይ ወጣበት" ብለው ጠበል አርከፍክፈውብኛል። ስኒው ግን እውነተኛ ነበር።

የስብስቤ ንግሥት በራዴ ናት። በጭልጋ መንገድ አንዲት እናት ጓሮ፣ የሽንኩርት ዘር ተሞልታ አገኘኋት። አዲስ የብረት በራድ ገዝቼ ሄድሁና ለውጡኝ አልኋቸው። ሴትዮዋ አዲሱን አዩ፣ አሮጌውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያም አዝነውልኝ አንዲት ዶሮ መረቁልኝ።

በራዴ ሆዷ ክብ ነው። ትከሻዋ ዙሪያውን መረብ የመሰለ ሰማያዊ ጌጥ ተሥሎበታል። ሆዷ ላይ ወንዝ አለ፤ ወንዙ ላይ ድልድይ፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ ዣንጥላ የያዘ ሰውዬ። ይህ ሰውዬ ማን እንደሆነ ቤቴ የገባ እንግዳ ሁሉ ይከራከርበታል። ባለቤቴ እማዋይሽ "ታቦት የሚያጅብ ቄስ ነው" ትላለች። እኔ ደግሞ "ስኒ ይዞ ወደ ጎንደር የሚመጣ ነጋዴ ነው" እላለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጎደላት፤ ክዳን። በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሞከርሁ፤ ንግሥት ላይ ጣሳ እንደ መድፋት ሆነ። እማዋይሽ ሎሚ ታስቀምጥባትና "ይኸው ተከደነልህ" እያለች ትስቅብኛለች። ክዳኗን ፍለጋ ያልረገጥሁት ቀበሌ የለም።

ሲሳይ ባይኖር ኖሮ ግን እንዲህ አያንገበግበኝም ነበር። ሲሳይ እኩያዬ ነው፤ ፒያሳ ላይ የጥንት ዕቃ ለቱሪስት ይሸጣል። አንድ ቀን በራዴን በፎጣ ጠቅልዬ ካፌ ወስጄ ባሳየው፣ ማኪያቶውን አስቀምጦ በሳቅ ወደ ኋላ ተለጠጠ።

"ክዳኗስ?"

"እየፈለግሁ ነው።"

"እንግዲያው የአበባ ማሰሮ ናት በለኛ! አንተ ሾፌር፣ ይህን ሁሉ ዘመን የአበባ ማሰሮ ስታቅፍ ኖርህ?" አለና ተነሥቶ ለካፌው ሰው በሙሉ ተናገረ። "ስሙኝማ! የዚህች በራድ የራሷ ክዳን ተገኝቶ፣ ባለቤቱም ሳይሰረቅ ሳይታለል በፈቃዱ የሰጠ ቀን፣ ሱቄን እዘጋለሁ። እንደዚህ እንደተሣለው ሰውዬ ዣንጥላ ዘርግቼ በፒያሳ መሀል አጅባታለሁ!"

ካፌው አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፒያሳ ባለፍሁ ቁጥር ባጃጅ ነጂው ሳይቀር "አባባ፣ ክዳን ተገኘ?" ይለኛል። እንግዲህ ፍረዱ። ክዳን ካላገኘሁ ያ ሁሉ እውቀቴ ከአንድ ሎሚ በታች ሊቀር ነው።

ታዲያ የእማዋይሽ ወንድም ማሩ፣ ከጠዳ በላይ ካለው ቀበሌ ደውሎ "አያ፣ የሚካኤል ማኅበር ተራዬ ነውና ብቅ ይበሉ" አለኝ። ማሩ የሚጠምቃትን ጠላ ስለማውቃት ብቅ አልሁ።

ማኅበሩ ወር በገባ በአሥራ ሁለት በየተራ ከአባል ቤት ይደገሳል። ከተበላና ከተጠጣ በኋላ የንስሐ አባቱ ጽዋውን አንሥተው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣሉ። ጽዋው በጨርቅ የተሸፈነች፣ ጠላ ያለባት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ናት። በሁለት እጁ የተቀበለ ሰው የሚመጣውን ወር ድግስ ተቀበለ ማለት ነው። ይህን ጎንደር የተወለደ ሕፃንም ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ የጭንቅላቴ ጓዳ ግን በዚያ ሰዓት በቻይና ዕቃ ተይዞ ነበር።

አባ ተክሌ ጸሎቱን አደረሱና ጽዋውን ከነልብሱ አነሡ። ተረኛዋ ወይዘሮ ውዴ የምትባል የጠዳ ነጋዴ ናት፤ ድምፅዋ ከአዘዞ ይሰማል። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ዘርግታ መምጣት ጀመረች። በዚህ መሀል ጨርቁ በአንድ ጎኑ ሸርተት አለ።

ነጭ። በነጩ ላይ ሰማያዊ መረብ። መሀሉ ላይ ቁልቋል ፍሬ የመሰለች ጉብ ያለች መያዣ።

የበራዴ ክዳን! ክዳኗ በአንዲት የሸክላ ማሰሮ አናት ላይ ተቀምጣ፣ ጠላ ስትጠብቅ ኖራለች!

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። በአንድ ወገን ቆሎ የያዘ ሰው፣ በሌላ ወገን ድፎ ዳቦ ነበር፤ በመሀል አለፍሁ። ውዴን ቀደምኋት። እዚያ ደርሼ በአንድ እጄ ብይዘው ኖሮ ሊያይ የተጠጋ ሰው ነው ተብዬ ነገሩ ያበቃ ነበር። እኔ ግን የቻይና ዕቃ በአንድ እጅ አልይዝም። መርሕ ነው። ሁለቱንም እጄን ዘርግቼ ማሰሮዋን ከሥሯ ደግፌ ተቀበልሁ።

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

"እሰይ! መልአኩ እንግዳ አመጣ! የመጪው ወር ተረኛ!" አሉ አባ ተክሌ።

"አባ ይፍቱኝ፣ እኔ እኮ ላየው ብዬ ነው።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። በሁለት እጅህ ተቀብለሃል፣ እልል ተብሏል። የተባለ እልልታ ወደ አፍ ይመለሳል እንዴ?"

ውዴ እጇን እንደዘረጋች ቀርታለች። "ምነው አያ! ተራዬን ከእጄ ላይ? አሞራም እንዲህ አይነጥቅ!"

"አንቺ ደግሞ በመጪው ወር ከእሱ ቤት ትቀበያለሽ" አሉና አባ ተክሌ ገላገሉን። ማሩ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ "አያ፣ እማዋይሽ ታውቃለች?" አለኝ። ማሰሮዋን ጠበቅ አድርጌ አቀፍሁ።

ጽዋውን ታቅፌ በሚኒባስ ወደ ጎንደር ተመለስሁ። ሾፌሩ ሲያየኝ ዘፈኑን ዘግቶ መዝሙር ከፈተ። አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ተንጠራርተው ጨርቁን ሳሙ። እኔ በጨርቁ ሥር ክዳኗን በጣቴ እየዳበስሁ ዐይኔን ስለጨፈንሁ፣ በጸሎት ላይ ያለሁ መስሏቸው ማንም እስከ አራዳ ድረስ አላናገረኝም።

"እማዋይሽ፣ እንግዳ ይዤ መጣሁ" አልሁ በሩ ላይ።

"ስንት ሰው?"

"ለዛሬ አንድ ማሰሮ። ለመጪው ወር ማኅበርተኛው በሙሉ።"

ነገሩን ስነግራት የያዘችውን ወንፊት አስቀምጣ ዱካ ላይ ቁጭ አለች። "አንተ ሰውዬ፣ ለስኒ ብለህ የሚካኤልን ማኅበር ገባህ?"

"ለስኒ አይደለም። ለክዳን ነው።"

ክዳኗን በራዴ ላይ ሳስቀምጣት "ቅጭ" አለች። የትከሻዋ መረብ ከክዳኗ መረብ ጋር መስመር ለመስመር ገጠመ፤ ከአንድ እሳት የወጡ እህትማማች ናቸው። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ማኪና ገደል ሲገባ አላለቀስሁም። ያን ዕለት ግን ዐይኔን አመመኝ።

"ደስ ይበልህ" አለች እማዋይሽ። "አሁን አንሣና ወደ ቦታዋ መልስ። የማኅበር ዕቃ ናት።" መለስሁ። እሷም ጽዋውን ሥዕለ ማርያም ካለበት ክፍል አስገብታ ቆለፈችና ቁልፉን አንገቷ ላይ አሠረችው። ያን ያህል ዘመን አብረን ኖረን አላመነችኝም። ልክ ነበረች።

ሲሳይ ጋ ሄጄ "ተገኘች!" አልሁት። የሆነውን ሲሰማ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "ተገኘች እንጂ መቼ ተሰጠች? በፈቃዱ ብያለሁ እኮ! የሚካኤል ማኅበር ክዳኑን አንሥቶ ለሾፌር ሲሰጥ ማየት ነው። ጥራኝና ልምጣ፤ ዣንጥላዬ እንደሆነ ከተሰቀለበት አይወርድም።"

"ትመጣለህ" አልሁት። "ዣንጥላህን ይዘህ።"

የድግሱ ቀን ደረሰ። እማዋይሽ ጠመቀች፣ ጋገረች፣ ጎረቤቱን አስተባበረች። ክብሩ የእሷ ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ። የጠዳ ሰው ግን ማኅበርተኛውን ብቻ ይዞ መች ይመጣል? አማቹንም፣ አበልጁንም፣ "ጎንደር ጉዳይ አለኝ" ያለውንም ይዞ መጣ። ብርጭቆ አለቀ። ከጎረቤት የተዋስነውም አለቀ። ዞር ስል እማዋይሽ የቡፌውን መስታወት ከፍታ ስኒዎቼን በትሪ ታወጣለች።

"እማዋይሽ! ምን ልታደርጊ ነው?"

"ሻይ ላጠጣባቸው። ሻይ መጠጫ አይደሉም እንዴ?"

ትሪውን ልቀማት እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብሁት። እውነትም ሻይ መጠጫ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጠላቴም አይየው። ከነገሥታቱ ዘመን የተረፉ ስኒዎቼ በገበሬ መዳፍ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሄዱ። አንዱ አዛውንት ስኒዋን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ስለ በሬ ግዥ ሲያወሩ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። እኔ ጎንበስ ብዬ መዳፌን ከየስኒው ሥር እየዘረጋሁ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ በእንብርክክ ስሄድ ዋልሁ። ማኅበርተኛው ግን ሌላ ነገር ነው ያየ።

"ትሕትናውን አያችሁ?" አለች ውዴ ለጎረቤቷ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማት። "የከተማ ሰው ሆኖ፣ በዚህ ዕድሜው ጎንበስ ብሎ ሲያስተናግድ! እኔ ደግሞ አሞራ አልሁት!"

አንድም ስኒ አልተሰበረም። ይህ የእኔ ችሎታ ነው።

ጽዋው የሚተላለፍበት ሰዓት ሲደርስ ተነሣሁና ክዳኗን ለመንሁ። በምትኳ ሸጋ የብር ክዳን እንደማሠራ ተናገርሁ። ከዚያ የበሬው አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"አያ፣ ደግ ደግሰዋል፤ ይስጥልን። ክዳኒቱ ግን ከአያቶቻችን ጀምሮ ከጽዋው ጋር ያለች ናት። ማኅበሩ ከነእሷ ነው።"

ሲሳይ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ዣንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ፈገግ አለልኝ።

"ክዳኗ የጠላ ማሰሮ ክዳን አይደለችም!" አልሁ። "የሻይ በራድ ክዳን ናት። ማስረጃ አለኝ!" ክዳኗን አነሣሁ። መያዣዋ አጠገብ ትንሽ የሰም ነጥብ ነበረች። በጥፍሬ ፈነቀልኋት።

"ኧረ በመልአኩ! ክዳኒቱን ሰበራት!" ብላ ውዴ ብድግ አለች። ግማሹ ሰው ከእሷ ጋር ተነሣ። ማሩ በእኔና በእነሱ መሀል ቆመ። ለእኔ ይሁን ለክዳኗ አላውቅም።

"አልሰበርኋትም! ቀዳዳ ናት! እናቶቻችን ዝንብ እንዳይገባ በጧፍ ሰም የደፈኗት ቀዳዳ ናት። ጠላ መተንፈሻ አይሻም፤ ሻይ ግን ይሻል። እማዋይሽ፣ የፈላ ውኃ!"

እማዋይሽ በዚያ ቀን ብዙ ነገር ልትል ትችል ነበር። እሷ ግን የፈላ ውኃ አመጣች፤ ከውኃው ጋር በራዴን ከቡፌው ላይ ራሷ አንሥታ፣ ሎሚዋን አውርዳ፣ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። ቀስ አድርጌ በሙቅ አለቀለቅኋት፤ የፈላውን ሞላሁ፤ ክዳኗን አስቀመጥሁ። ቅጭ።

መረቡ ከመረቡ ገጠመ። ከዚያች ከተደፈነች ስንት ዘመን ከሆናት ቀዳዳ አንዲት ቀጭን የእንፋሎት ክር ቀጥ ብላ ወጣች።

የተነሣው ሁሉ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አዛውንቱ ቀርበው መረቡን በጣታቸው ተከተሉና፣ "አንድ እናት የወለዳቸው ናቸው" አሉ።

"እህትማማች አይደሉም፤ ሙሽሮች ናቸው" አለች ውዴ። "ተፈላልገው ተገናኙ። አሁን ማለያየት ነውር ነው።"

"ይኸው!" አልሁ። "እንግዲህ ሙሽራዋ ወደ ሙሽራው ቤት ትገባለች። ክዳኗ ሙሽራ ናት፤ ትግባ!"

"ክዳኗ ናት ያለ ማን ነው?" አለች ውዴ። "ሙሽራዋ በራዷ ናት! ሆዷን አያዩትም?"

"ሙሽራ በሆዷ ነው እንዴ የምትታወቅ?" አለ ማሩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ክርክሩም ለሁለት ተከፈለ። ለእኔ የቆመ ማሩ ብቻ ነው፤ እሱም ጠላ ሲቀዳለት ዞረብኝ። በመጨረሻ አባ ተክሌ መቋሚያቸውን አነሡ።

"ይህ ቀላል ነው። ክዳኒቱ ዘመዷ ስንት ነው? ማኅበርተኛው በሙሉ። የበራዷስ?" ዙሪያውን ተመለከቱና እኔ ላይ ቆሙ። "አንድ ሽማግሌ። እንግዲህ ዘመድ የሌላት ናት ወደ ዘመዳሙ ቤት የምትገባ። በራዷ ማኅበሩን ትግባ፤ ጽዋ ትሁን።"

እልልታው ሲነሣ በራዴን በእጄ ከለልሁ። በራዴ! ከቡፌዬ ላይ! በየወሩ በየገበሬው ቤት! እማዋይሽን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

ውዴ ግን አልጨረሰችም። "አንድ ነገር ልጨምር። የዚህችን ዕቃ አያያዝ የሚያውቅ ከመሀላችን የለም። እሳቸው ደግሞ ትሕትናቸውን አይተናል። የማኅበሩ ሙሴ ይሁኑልን! በራዷ በሄደችበት እሳቸው ይቅደሙ፤ እሳቸው ይጠቧት፤ ሌላ እጅ አይንካት።"

የማኅበር ሙሴ! የማኅበር አለቃ! ድግስ ሲገባ ከፍ ያለው ወንበር፣ ከጋኑ አናት የተቀዳው ጠላ! ያን ጊዜውኑ እጄን ከበራዴ አነሣሁ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ሲሳይ ተነሥቶ። "ክዳኑን መቼ ሰጡህ? አንተ ነህ እኮ በራዱን የሰጠህ!"

ውዴ ወደ እሱ ዞረች። "አንተ ማነህ? ክዳኒቱን ለበራዷ በፈቃዳችን ሰጥተናል፣ እልል ብለናል። ስጦታችንን የምታርም አንተ ነህ?" ድምፅዋ ከአዘዞ ይሰማል ብያለሁ። ሲሳይ ዣንጥላውን አነሣ።

በራዴ ከውኃዋ ተራግፋ፣ ደርቃ፣ ጠላ ተቀዳባት። አባ ተክሌ ባረኩ። ውዴም በስንት ናፍቆት በሁለት እጇ ተቀበለች። ከአራዳ ተነሥተን ወደ ጠዳ ሚኒባስ እስክንደርስ በፒያሳ መሀል አለፍን፤ ከፊት እኔ የማኅበሩ ሙሴ፣ ቀጥሎ ውዴ በራዷን ታቅፋ፣ በጎኗ ሲሳይ ሱቁን ዘግቶ፣ ዣንጥላ ዘርግቶ። ደመና የለ፣ ዝናብ የለ። ካፌው ሙሉ ሰው ወጥቶ አጨበጨበ። ባጃጆቹ በጡሩምባ አጀቡን። "ከፍ አድርገው፣ ፀሐይ እንዳይነካት" እለዋለሁ ለሲሳይ፤ ከፍ ያደርጋል።

አሁን በቡፌዬ ላይ፣ በራዴ በነበረችበት ቦታ፣ ያቺ አሮጌ የሸክላ ማሰሮ ተቀምጣለች። ማኅበሩ ነው ጡረታ አውጥቶ የሰጠኝ። በጥፍሬ መታኋት፣ ወደ ፀሐይ አነሣኋት፣ ከሥሯም ቀመስኋት። የጎንደር ሸክላ ናት፤ እውነተኛ። እማዋይሽ ሎሚዎቿን ታስቀምጥባታለች።

በራዴን ግን ወር በገባ በአሥራ ሁለት አገኛታለሁ፤ እኔ ነኝ የማጥባት፣ እኔ ነኝ የምከድናት። በየቤቱ የሚያያት ሰው ሁሉ ሆዷ ላይ ያለውን ሥዕል እያየ "ይኸ ድልድይ ላይ ዣንጥላ የያዘው ማን ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል። ቄስ ነው፣ ነጋዴ ነው እየተባለ ስንት ዘመን ክርክር ነበረበት። አሁን ክርክር የለም።

"ሲሳይ ነው" እላቸዋለሁ።